መልእክቱን የሚናገር ሰው የሌለበት ተውኔት

ጥያቄ፦
እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደሴ፣ ከሆጤ ነው። ሰባት ሆነን የቴአትር ክበብ መሥርተናል፤ አራት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ነን፣ ሁላችንም ከሠላሳ ዓመት በታች። እስካሁን የሠራነው በሙሉ ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ያዘዙንን አስተማሪ ድራማ ነው፤ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ሕገ ወጥ ስደት፣ ስለ ሱስ። አሁን ሰልችቶናል። ተመልካቹም ገና ስንጀምር መጨረሻውን ያውቀዋል። በዚህ ዘመን የተጻፈ፣ ለንባብም ለመድረክም የሚበቃ ተውኔት ይጠቁሙን። ታላላቆቻችን «ጠልፎ በኪሴን ሥሩ፤ ከዚያ ወዲያ ምን ተውኔት አለ?» ይሉናል። ለዲኮር የሚሆን ገንዘብ የለንም። መብራት ይጠፋብናል። የሁለቱ ሴቶች ቤተሰቦች አምሽተው እንዲገቡ አይፈቅዱም። የውጭውን ብንተረጉም ደግሞ ለሰዉ ባዕድ ይሆንበታል ብለን እንፈራለን።
ሰ.፣ ከደሴ

መልስ፦
ሰላም ላንተ ይሁን ልጄ፣

ከደብዳቤህ ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር አልለቀቀችኝም፤ «ተመልካቹም ገና ስንጀምር መጨረሻውን ያውቀዋል» ያልከው። በ1970ዎቹ፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ድራማው ሁሉ ሲያልቅ አንድ ሰው ወደ መድረኩ ጠርዝ ወጥቶ ትርጉሙን ለሕዝቡ ይናገራል። ድምፄ ጎላ ያለ ስለነበር ያ ሰው ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ልጇ የዘመተባትን እናት ታሪክ ስናሳይ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው ሲያለቅሱ አየኋቸው። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ተራዬ ደረሰና እጄን ጨብጬ ወጣሁ፤ መፈክሩን ጀመርኩ። እሳቸው ቀና አሉ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ለመነሣት ተሰናዱ። ሁለተኛውን ቃል ሳልጨርስ እንባቸው ደርቆ ነበር። ልጃቸውን ከእጃቸው ነጥቀን መፈክር ሰጠናቸው። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ተውኔት ስመርጥ መጀመሪያ የምመለከተው የመጨረሻውን ገጽ ነው። አንድ ሰው ወጥቶ መልእክቱን የሚናገር ከሆነ መጽሐፉን አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ከዚህ በታች የምጠቁምህ ተውኔቶች አገራቸውም ቋንቋቸውም የተለያየ ነው፤ ተመልካቹን ግን ሁሉም ያምኑታል።

በታላላቆቻችሁ አትቆጡ። ስለ «ጠልፎ በኪሴ» ደራሲ ስለ መንግሥቱ ለማ የተናገሩት ትክክል ነው። «ያላቻ ጋብቻ»ም ሆነ «ጠልፎ በኪሴ» ስብከት የለባቸውም፤ ሰውን እያሳቁ ከራሱ ጋር ያፋጥጡታል። የተሳሳቱት «ከዚያ ወዲያ ምን አለ?» ሲሉ ነው። ከዚያ ወዲያ ብዙ አለ። የእኛ አገር ችግር አዳዲሶቹ ተውኔቶች መድረክ ላይ ታይተው በዚያው መቅረታቸው ነው፤ የሚታተሙት ጥቂት ስለሆኑ ጽሑፉ ከአዘጋጁ መሳቢያ አይወጣም። ቅርብ ከሆኑት አንዱን ልጥቀስልህ፤ በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተው የ«እያዩ ፈንገስ» ተውኔት ነው። አንድ ሰው ፌስታሉን ይዞ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ለረጅም ጊዜ አስቀምጦ ማናገር እንደሚችል ያሳየናል። ድምፁንና አካሄዱን እንዳትቀዱ አደራ፤ ያ የእሱ ነው። ከእሱ የምትወስዱት ድፍረቱን ነው፤ ባዶ መድረክ እንደማያስፈራ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ለእናንተ ክበብ አንድ ተውኔት ብቻ ምረጪ ብባል ያለ ማመንታት ከኢራናውያን ወላጆች የተወለደችውን የአሜሪካዊቷን የሳናዝ ቱሲን «ኢንግሊሽ»፣ ማለትም «እንግሊዝኛ»ን እመርጣለሁ። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2022 ኒው ዮርክ ሲሆን በ2023 የፑሊትዘርን የድራማ ሽልማት አግኝቷል። ቦታው ከቴህራን አጠገብ ያለችው ካራጅ፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 2008 ነው። አንድ መማሪያ ክፍል፣ አንዲት አስተማሪ፣ አራት ተማሪዎች። ቶፍል ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ይዘጋጃሉ። ሰሌዳው ላይ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ መናገር ክልክል እንደሆነ ተጽፏል። በቃ፣ ዲኮሩ ይኸው ነው፤ ወንበሮችና ሰሌዳ። እነዚህን ከየትኛውም ትምህርት ቤት ትዋሳላችሁ።

ከተማሪዎቹ አንዷ ሮያ ትባላለች፤ ወንድ ልጇ ካናዳ ነው። የልጅ ልጇን ለማየት መሄድ ትፈልጋለች፤ ልጇ ግን ሕፃኗ እንግሊዝኛ ብቻ እየሰማች እንድታድግ ስለሚሻ መጀመሪያ ቋንቋውን ተማሪ ብሏታል። ስትደውል አያነሣም፤ በስልኩ ላይ መልእክት ትተውለታለች፤ የተማረችውን እያሳየች፣ ቃላቱን እየለቀመች። ይህን ሳነብ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የማውቃቸው እናቶች ሁሉ ፊቴ መጡ። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በስልክ ፊት ለፊት እየተያዩ ከ«እንዴት ነሽ?» ያለፈ ቃል የማይግባቡ አያቶች በየመንደራችን አሉ። ሌላዋ ተማሪ ኤልሃም አውስትራሊያ ሕክምና ለመማር ይህን ፈተና ማለፍ አለባት፤ በገዛ ቋንቋዋ ስለታም ናት፣ በእንግሊዝኛ ስትናገር ግን ሞኝ የምትመስል ይመስላታል፤ ይህም ያናድዳታል። በሰው አገር ቋንቋ ሲናገር ከራሱ ያነሰ መስሎ የሚታይ ሰው ምን እንደሚሰማው ጅዳና ቤይሩት ደርሰው የተመለሱ እህቶቻችንን ጠይቅ።

የተውኔቱ ብልሃት ያለው በንግግሩ ነው። ገጸ ባሕርያቱ በፋርስኛ ሲያወሩ ተዋናዮቹ የተቃና እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ደግሞ እየተንተባተቡ። ወደ አማርኛ ስትመልሱት በራሳቸው ቋንቋ ሲሆኑ የሚፈስ፣ ቀልድም ቁጣም ያለበት አማርኛ ስጧቸው፤ በእንግሊዝኛ ሲሆኑ ቃል የሚፈልግ፣ የሚቆም፣ አጭር አማርኛ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ መንተባተቡን በማንም ብሔረሰብ ወይም በገጠር ሰው አነጋገር አታስመስሉት። በእኛ መድረክ የሰውን ዘዬ ቀድቶ ማሳቅ የቆየ ልማድ ነው። እዚህ ውስጥ ከገባ ተውኔቱ በመጀመሪያው ትዕይንት ይሞታል። ተመልካቹ መሳቅ ያለበት አብሯቸው ቃሉን እየፈለገ ነው።

ባዕድ ይሆንበታል ያልከውን በተመለከተ፣ ካራጅን ወደ ደሴ አታምጧት። ስሞቹን ወደ እኛ ስም አትቀይሩ፣ ሮያን ዘሃራ ወይም አልማዝ አታድርጓት። አዛምዶ መመለስ ትልቅ ጥበብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጸጋዬ ገብረመድህን የብሬሽትን ተውኔት «እናት ዓለም ጠኑ» አድርጎ የእኛው ሲያደርገው ማን ይረሳል? ይህ ተውኔት ግን ያን አይፈልግም። ተመልካቹ «ይቺ ሴትዮ እኮ የኢራን ሰው ናት» እያለ ጀምሮ ሳያውቀው የራሱን ጎረቤት ያገኛል። መንገዱን ራሱ ሲሄደው ይሻለዋል።

ስለ መብራትና ስለ ሴቶቹ የጻፍከው ሁለት የተለያየ ችግር ቢመስልም ለሁለቱም የሚሆን አንድ ተውኔት አለ። እንግሊዛዊው ዳንከን ማክሚለን ከተዋናዩ ከጆኒ ዶናሆ ጋር ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታየው «ኤቭሪ ብሪሊየንት ቲንግ» ነው፤ «እያንዳንዱ ድንቅ ነገር» ልንለው እንችላለን። ተዋናዩ አንድ ነው፣ ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። መድረክ የለውም፤ ሰዉ ዙሪያውን ይቀመጣል፣ የአዳራሹም ብርሃን እስከ መጨረሻው አይጠፋም። ስለዚህ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ቀን በ8 ሰዓት፣ መስኮት ከፍታችሁ ብትጀምሩ ዐስር ሶላት ሳይደርስ ትጨርሳላችሁ፤ ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። የመብራት ኃይል ቢሄድ ቢመጣ አያሳስባችሁም፤ ልጆቹም በጠራራ ፀሐይ ቤታቸው ይገባሉ።

ታሪኩ የሰባት ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። እናቱ ራሷን ልታጠፋ ሞክራ ሆስፒታል ገብታለች። ልጁ ለመኖር የሚያበቁ ነገሮችን ዝርዝር ይጽፍላት ጀመር፤ አንደኛው አይስክሬም ነው። ዝርዝሩ ከልጁ ጋር ያድጋል፣ በሺህ ይቆጠራል፣ ከዚያም ያልፋል። ከትዕይንቱ በፊት ተዋናዩ ቁጥር የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ለተመልካቾች ያድላል፤ ቁጥሩን ሲጠራ ወረቀቱን የያዘው ሰው ያነብለታል። ከተመልካቹ መካከል አንዱን አስነሥቶ አባቱ ያደርገዋል። የወሎ ሰው እንደ ዱላ ቅብብል ግጥም መቀባበል የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ ለሠርግም ለለቅሶም ድምፁን ሳያፍር ያወጣል። እንዲህ ያለ ተውኔት እንደ እኛ ላለ ሕዝብ የተጻፈ ይመስለኛል።

ነገሩ ግን ከባድ ነው፤ አትቸኩሉበት። ራስን ማጥፋት በመንደራችን በሹክሹክታ እንኳ የማይነገር ጉዳይ ነው፤ ቤተሰብ ሌላ ምክንያት ሰጥቶ ይቀብራል። አዳራሹ ውስጥ ይህ የደረሰበት ሰው መኖሩ አይቀርም። ስለዚህ ሲጀመር ጉዳዩን በግልጽ አስታውቁ፤ ከትዕይንቱ በኋላ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እዚያው እንዲገኝና ማናገር የሚፈልግን ሰው ለብቻ እንዲያነጋግር ጠይቁ። ንግግር እንዲያደርግ አይደለም፤ ንግግሩ ያንኑ የእኔን መፈክር ይመልሰዋል። ዝም ብሎ ጥግ ላይ ይቀመጥ።

ስለ ኮምቦልቻ ደግሞ ልናገር፤ የምኖረው እዚህ ስለሆነ ጉዳዩ ይቆረቁረኛል። ሊን ኖቴጅ የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፌ ተውኔት አለች፤ የፑሊትዘርን የድራማ ሽልማት ሁለት ጊዜ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሁለተኛውን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2017 «ስዌት» ማለትም «ላብ» በተባለው ተውኔቷ ነው። ሬዲንግ በምትባል የፔንሲልቬኒያ ከተማ፣ በአንድ ፋብሪካ ለዓመታት አብረው የሠሩ ጓደኛሞች ከሚያዘወትሩት መጠጥ ቤት ተቀምጠው እናገኛቸዋለን። ከመካከላቸው አንዷ ወደ ኃላፊነት ታድጋለች፤ ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው ማሽኑን እየነቀለ መሄድ ይጀምራል፤ በሩም በሠራተኛው ላይ ይዘጋል። ጓደኝነቱ የሚፈርሰው በክፋት አይደለም። እያንዳንዷ ልክ ናት፣ ለዚህ ነው የሚያመው።

ይህን ተውኔት አንብቡት እንጂ አትሥሩት። ዘጠኝ ተዋናይ ይፈልጋል፣ የጥቁርና የነጭ አሜሪካውያን ቁስል ደግሞ በቃላቱ ሁሉ ውስጥ ገብቷል፤ በአማርኛ ግማሹ ይፈስሳል። ከኖቴጅ የምትወስዱት አሠራሯን ነው። ከመጻፏ በፊት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ወደዚያች ከተማ እየተመላለሰች ሰዎቹን ቁጭ ብላ አነጋግራለች። እኛስ? የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶች በየግቢው አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው ገቡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ ከመግባት ዕድል፣ ታገደች። ስለ እነዚህ ልጆች የተጻፈ ተውኔት እስካሁን አላየሁም።

ሁለት ሁለት ሆናችሁ በሐረጎ ውረዱና ኮምቦልቻ ኑ። መቅጃ ሳይሆን ደብተር ያዙ፤ መቅጃ ያስፈራቸዋል። ስለ ፋብሪካው አትጠይቋቸው፤ ጋዜጠኛ የሚሰማውን መልስ ይሰጧችኋል። የመጀመሪያ ደሞዛቸውን ምን እንደገዙበት ጠይቁ። ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ሽሮ የሚሠራው በማን ተራ እንደሆነ ጠይቁ። ስማቸውን ቀይሩ፤ ታሪካቸውን ከመጠቀማችሁ በፊትም አስፈቅዷቸው፤ ሲጠናቀቅ መጀመሪያ ለእነሱ አንብቡላቸው። አዲስ ተውኔት ማለት ይኸ ነው፤ ከእናንተ በቀር ማንም ሊጽፈው አይችልም።

ሁለት ተውኔቶች ደግሞ ለንባብ ብቻ ልስጥህ። የቺሊው አሪኤል ዶርፍማን እ.ኤ.አ. በ1990 የጻፈው «ሞትና ልጃገረድ» ሦስት ሰው ብቻ አለው። ዓይኗ ታስሮ የተሠቃየች ሴት ከዓመታት በኋላ ቤቷ በእንግድነት የገባውን ሐኪም በድምፁ ትለየዋለች፤ ወይም የለየችው ይመስላታል። ባሏ ደግሞ የዚያን ዘመን ግፍ እንዲመረምር የተሾመ ጠበቃ ነው። መጨረሻ ላይ በተመልካቹ ፊት ትልቅ መስታወት ይወርዳል፤ ሰዉ ራሱን ያያል። ሌላው የኡጋንዳዊቷ የአዶንግ ጁዲት «ሳይለንት ቮይስስ» ነው፤ በሰሜን ኡጋንዳ ጦርነት የተጎዱ ሰዎችን አነጋግራ የጻፈችው። ይቅርታው በላያቸው ላይ ተወስኖ እነሱን ማንም ያልጠየቃቸው ሰዎች ድምፅ ነው። እኛ ወሎዎች አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች አሉን፣ ደም እናደርቃለን፣ በዱዓ እንታረቃለን፤ ይህ ኩራታችን ነው። እነዚህን ሁለቱን ካነበብኩ በኋላ ግን ሽማግሌዎቹ «በሉ ይቅር ተባባሉ» ሲሉ ጥግ ላይ ዝም ብላ የተቀመጠችውን ሴት ማየት ጀመርኩ።

እነዚህን ሁለት ተውኔቶች አሁን ወደ መድረክ አታውጧቸው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በከተማችን የሰው ድምፅ ሲሰሙ የሚደነግጡ ሰዎች አሉ። እነሱ ቲኬት ቆርጠው አዳራሽ ሲገቡ ምን እንደሚጠብቃቸው አያውቁም። እናንተ ግን ተዋናዮች ናችሁና አንብቧቸው፤ ቁስል እንዴት እንደሚነገር ታውቁበታላችሁ።

ስለ ትርጉም ሥራው፦ እንግሊዝኛ የሚችለው አንዱ ብቻውን እንዳይተረጉም። ቃል በቃል ያወጣውን ጮክ ብሎ ለሌላው ያንብብ፤ ሌላው መጽሐፉን ሳያይ እየሰማ «እንዲህ አይባልም» ይበል። ለዚህ የሚሆነው እንግሊዝኛ ጨርሶ የማያውቅ ጆሮው የነቃ ሰው ነው፤ አክስት፣ ባለሱቅ፣ ማንም። በእንግሊዝኛው «አንተ»ም «አንቺ»ም «አንቱ»ም አንድ ቃል ነው፤ እናንተ በየገጹ መምረጥ አለባችሁ። በ«እንግሊዝኛ» ውስጥ አስተማሪዋ ማርጃን በዕድሜ የምትበልጣትን ሮያን «አንቱ» ትላታለች እንበል፤ ሁለቱ ሲጋጩ «አንቺ» ብትላትስ? ደራሲዋ በቋንቋዋ ያላገኘችውን ጥፊ አማርኛ በነጻ ይሰጣችኋል። በልኩ ተጠቀሙበት፤ አንዴ ብቻ።

ፈቃድም ጠይቁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተውኔትን የመተርጎምም በመድረክ የማሳየትም መብት ለደራሲው ሰጥቷል፤ መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። መንግሥቱ ለማ ያረፉት በ1980 ዓ.ም. ስለሆነ ታላላቆቻችሁ ለሚወዱት «ጠልፎ በኪሴ»ም ቤተሰቡን ማስፈቀድ አለባችሁ። የውጭዎቹን የሚመለከት የፈቃድ አድራሻ በታተመው መጽሐፍ መጀመሪያ ገጾች ላይ ይገኛል። አጭር ኢሜይል ጻፉ፤ ማን እንደሆናችሁ፣ አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ቲኬቱ ስንት ብር እንደሆነ፣ በአማርኛ እንደምትሠሩት። እውነቱን ንገሯቸው፤ ድህነታችሁን አትደብቁ፣ አታጋንኑም።

ለሴቶቹ ቤተሰቦች ሰዓቱን ቀን ማድረግ ብቻውን አይበቃም። አባቴ ለእኔ የፈቀዱልኝ አንድ ቅዳሜ ልምምድ ላይ መጥተው፣ ዚክር የሚያደርጉበትን መቁጠሪያ እያንቀሳቀሱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥግ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው። ምንም አላሉም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን «ሰዓቱ አልደረሰም ወይ?» ብለው ራሳቸው ቀሰቀሱኝ። ወላጆችን ለምርቃት ቀን ሳይሆን ለንባቡ ጥሯቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍሉና ጽሑፉን ይዛችሁ ተቀመጡ፤ በአቦሉ ማንም ሳይተውን ዝም ብሎ ይነበብ፣ በቶናው ክፍል ተቀያይራችሁ አንብቡ፣ በረካው ላይ ወላጆቹ ይናገሩ። የሚሉትን ጻፉት፤ ከማንኛችንም የተሻለ ሃያሲ ይወጣቸዋል።

አብሽሩ። ሰባት ሰው ለቴአትር ብዙ ሰው ነው። በ«እንግሊዝኛ» ውስጥ ያለው ወንድ አንድ ብቻ ነው፣ ሴቶቹ አራት ናቸው፤ ከወንዶቹ ሦስቱ ትርጉሙን፣ ኢሜይሉንና ሰሌዳውን ይያዙ። አንዲት ሴት ትጎድላችኋለች። ሮያ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስለሆነች በሃያዎቹ ያለች ልጅ ጸጉሯን ነጭ ቀብታ ባትጫወታት እመርጣለሁ። ትርጉሙ ሲያልቅ ቀኑን ጻፍልኝ፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ሩቅ አይደለም፣ ለንባቡ ሮያን እኔ አነባለሁ።